የወለተ ኢየሱስ ጣውንት

ወለተ ኢየሱስ መኪናዋን የጠላቻት ገና ባየቻት ዕለት ነው። ባሏ አበረ በጓሮ ለሚሠሩት ሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ ሊገዛ፣ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ወደሚኖሩባት ከተማ ወደ አማኑኤል የተመለሰው ግን አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና እየነዳ ነው። ጥሩምባ እየነፋ በራቸው ላይ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወለተ ኢየሱስ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጀመረችውን ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ከበረንዳው ላይ ቁልቁል አየችው።

«ቆርቆሮውስ?» አለችው።

«ቆርቆሮው ይደርሳል። መጀመሪያ ነይና ተቀመጭባት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ከወንጌላዊት ትበልጣለች» አለ እየሳቀ። ወንጌላዊት አንዲት ልጃቸው ናት፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ተዘጋጅታለች።

አበረ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነበር። የመኪናዋ ቆጣሪ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፈ ቆይቷል፤ እሱ ግን ይህን ከማንም አልደበቀም። እንዲያውም ለተማሪዎቹ «ጨረቃ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል» ይላቸው ነበር። ቆጣሪው የጨረቃን ርቀት የሞላ ዕለት ክፍሉን በሙሉ አስወጥቶ አሳያቸው፤ ከረሜላም አደላቸው። ማታ ይህንኑ ለሚስቱ ሲያጫውታት፣ «እንግዲህ ከጨረቃ ጎትቶ የሚመልሳት ሰው ፈልግ» አለችው።

ጣውንቴ ነበር የምትላት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሌላው ሰው ዘመድ ሲጠይቅ፣ አበረ ኮፈኗን ከፍቶ አንገቱን እሞተሯ ውስጥ ቀብሮ ይውላል። አንዱን ሲያስጠግን ሌላው ይወልቃል። በጎረቤቷ ከተማ በማርቆስ የሚሠራው መካኒክ እንዳላማው ከዘመድ በላይ ቤተኛ ሆነ። ወለተ ኢየሱስ «ሽጣትና እንረፍ» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አዲስ ፍሬን፣ አዲስ ራዲያተር አስገብቼላት አሁን ለሰው ላስረክባት?» ጥቂት ቆይቶ ፍሪሲዮኗ ያልቃል። እሱን ያስቀይርና ያችኑ ንግግር፣ ፍሪሲዮን ጨምሮባት ይደግማታል። ሰርቪስ ቤቱ መሠረቱ ወጥቶ ሣር በቀለበት።

እርግጥ ነጯ ምንም አልሠራችም ማለት አይቻልም። በዚያ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ማርቆስ የደረሰችው በሷ ነው። ሙሽራ ሸኝታለች፤ አስከሬንም አምጥታለች። ወለተ ኢየሱስ ይህን ሲነግሯት «ለሌላውማ ደግ ናት» ትል ነበር።

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ቀን አበረ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ አንደበቱም ተያዘ። ከሆስፒታል ሲወጣ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «እሺ»። ሲርበው እሺ፣ ሲቆጣ እሺ፣ ሲያለቅስም እሺ።

ማርቆስ እጅና እግሩን የምታሠራው ባለሙያ ለወለተ ኢየሱስ ቁርጡን ነገረቻት። «የሚመለሰው አሁን በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ሳያስቀሩ ያምጡት። ከዘገየ ግን የደረቀው እንደደረቀ ይቀራል።»

የመጀመሪያ ቀን በሚኒባስ ሄዱ። ሁለት ሰዎች ብብቱንና እግሩን ይዘው እንደ ጆንያ አስገቡት። ረዳቱ «የሁለት ሰው ቦታ ነው የሚይዘው» ብሎ ሲያጉረመርም አበረ ሰማ። ከዚያ እስከ ማርቆስ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንባው እየወረደ ሄደ። ወለተ ኢየሱስ ያን ማታ ግቢው ውስጥ አቧራ የለበሰችውን ነጭ መኪና ቆማ ስታያት አመሸች።

የባሏ ታናሽ ወንድም የኋላሸት እህል ነጋዴ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን ከሉማሜ ገዢ ይዞ መጣ። ሰውየው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና ደህና ዋጋ ጠራ።

«አትሸጥም» አለች ወለተ ኢየሱስ።

የኋላሸት ጆሮውን አላመነም። «ይህን ያህል ዘመን ሽጣት፣ ሽጣት ስትዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?»

«ወንድምህ ታመመ። ጀርባህ ላይ አዝለህ ታመላልሰዋለህ? የምታመላልሰው ከሆነ ዛሬውኑ ውሰዳት።»

የኋላሸት ገዢውን እስከ በር ሸኘው። ገዢው ወደ ሉማሜ ተመለሰ።

ወለተ ኢየሱስ ያኔ ሃምሳን ተሻግራለች። ማርቆስ ካለ ማሠልጠኛ ተመዝግባ ከልጆች ጋር መንዳት ተማረች። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ በሁለተኛው አለፈች። መንጃ ፈቃዷን ይዛ በመጣችበት ሳምንት አበረን ደግፋ ከጎኗ አስቀመጠችውና ከግቢ ወጡ። ደህና በሆነው ግራ እጁ ከፊቱ ያለውን የመኪናዋን ደረት ዳበስ፣ ዳበስ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ወለተ ኢየሱስ ስታስታውስ ፊቷ ይለወጣል። አበረ በዚያች በአንዷ ቃሉ መንዳት አስተማራት። ሞተሩ ሲያጓራ ቶሎ «እሺ!» ካለ ማርሽ ቀይሪ ማለት ነው። ረዘም አድርጎ «እሺይ» ካለ ቀስ በይ ነው። ቁልቁለቱን በደንብ ከወረደች ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ይላል፤ ያቺኛዋን ለመስማት ስትል ተጠንቅቃ ትወርዳለች። በትዳራቸው ያን ያህል ተግባብተው እንደማያውቁ ኋላ ለልጇ ነግራታለች። እጁም እየተፍታታ መጣ። ብርጭቆ ጨበጠ። በጋው ሲጋመስ በከዘራ ከአልጋው ተነስቶ እስከ በር መሄድ ቻለ።

መኪናዋ ግን እየደከመች ነበር። ዘይት ትበላለች፤ ዳገት ላይ ከኋላዋ የሚወጣው ጭስ መንገደኛውን ያስለዋል። ወለተ ኢየሱስ እንዳላማው ዘንድ ወሰደቻት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት አዳመጠና አጠፋው።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገረኝ።»

«ሞተሯ አልቋል። ወርዶ ይታደስ ቢባል የሷ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል። ቢገኝም ከሥር ብረቱ በስብሷል፤ ይችን ማደስ ገንዘብ መድፋት ነው። ገና በእግሯ ሳለች ይሽጧት።»

«ባልሸጣትስ? እስከ መቼ ትሄድልኛለች?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ዓመት ልትከርም ትችላለች፤ ነገም ልትቆም ትችላለች።»

ቤት ስትገባ አበረ አጠገብ ተቀመጠች። «እንዳላማው ሽጫት ይለኛል። ልሽጣት?» አለችው።

«እሺ።»

«ወይስ ትቆይ?»

«እሺ» አለ፤ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ወለተ ኢየሱስ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። በምትሸጥበት ገንዘብ ከእሷ የተሻለ መኪና እንደማይገኝ ታውቃለች፤ በኮንትራት መኪና ማመላለስ ደግሞ ከወር በላይ አያዘልቅም። ስለዚህ የዘይት ጀሪካን ከኋላ ጭና መንዳቷን ቀጠለች።

በዚያ ላይ ቤንዚን ጠፋ። ከማደያ ሲታጣ መንገድ ዳር በውኃ ጠርሙስ የሚሸጠውን ትገዛ ጀመር፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ተመልሶ ይዘጋል። ወለተ ኢየሱስ ከባለሙያዋ ያየችውን ያህል ቤት ውስጥ ብታሠራውም የአበረ ጣቶች ወደ መዳፉ ይታጠፉ ጀመር። መንገዱ ዳግመኛ የተከፈተ ዕለት፣ ክረምት ነበር፣ ዝናቡን ሳትጠብቅ አስቀምጣው ወጣች።

ማርቆስ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ዳገት ላይ ሞተሩ ብረት በብረት የመታ ያህል ጮኸ። አበረ «እሺ! እሺ! እሺ!» አለ። እግሯን ከነዳጅ መርገጫው ላይ ብታነሳም ጊዜው አልፎ ነበር። መኪናዋ አንዴ ተንዘፍዝፋ ቆመች። ቁልፉን ብታዞር ንቅንቅ የለም፤ ሞተሩ ነክሷል።

ወለተ ኢየሱስ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደችና ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገች። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተች። ለምን እንደከፈተችው እሷም አታውቅም፤ መኪና ሲቆም የሚደረገው እሱ ስለሆነ ነው። ጭሱና እንፋሎቱ ፊቷን መታው። የተከፈተው ኮፈን ደግሞ አበረን ጋረደባት።

አበረ በሩን የከፈተው ያኔ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ይህች መኪና በቆመች ቁጥር ወርዶ ያያት እሱ ነበረ። ግራ እግሩን መሬት አስረገጠ፤ ቀኙን ሊያስከትል ሲል ጭቃው አንሸራተተው። ወለተ ኢየሱስ የሰማችው የውድቀቱን ድምፅ ብቻ ነው። ሮጣ ስትደርስ ከመንገዱ ጠርዝ በጎኑ ተጋድሟል፤ ዝናብ ፊቱ ላይ ይወርዳል። አንድም ቃል አልወጣውም።

ጤፍ ጭኖ የሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር፣ ደምለው የሚባል፣ ቆሞ ጋቢና ውስጥ አስገባላትና ሆስፒታል አደረሳቸው። የቀኝ ዳሌው አጥንት ተሰብሯል። በዚያ በደከመ አካሉ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶለትም ቢሆን እግሩ ዳግመኛ አልቆመም። ባለሙያዋ መጥታ አየችውና ትከሻውን ዳብሳ ሄደች፤ ስለ ልምምድ አላነሳችም።

ነጯን የኋላሸት ከዳገቱ አስጎትቶ በኪሎ ለብረት ሸጣት። ወለተ ኢየሱስ ምን ያህል እንዳወጣች አልጠየቀችም።

ሰፈሩ በነገሩ ለሁለት ተከፈለ። «በጊዜ ብትሸጣት ኖሮ ሰውየው በከዘራውም ቢሆን ይሄድ ነበር» የሚሉ አሉ። «በሷ ባይመላለስማ ከአልጋውም ባልተነሳ» የሚሉም አሉ። ወለተ ኢየሱስ ሁለቱንም ሰምታለች። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት አንዱን ታነሳለች፤ ወዲያው ሌላውን። እውነቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግራት ሰው የለም፤ አበረም ከውድቀቱ ወዲህ ያችን አንዲት ቃል እንኳ እምብዛም አይላትም። ወንጌላዊት ከአዲስ አበባ እየደወለች «እማ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ትላታለች። እሷም «እሺ ልጄ» ትልና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች።

ባለፈው መስከረም በአበረ ቦታ የተቀጠረው ወጣት የሒሳብ መምህር፣ ምናለ፣ ወደ በረንዳዋ መጣ። የተማሪዎች ደብተር ታቅፏል፤ ሰላምታ ሰጣት።

«ቁጭ በል» አለችው መርፌዋን ሳታስቀምጥ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነው። አዲስ አበባ አንዲት የቤት መኪና አግኝቻለሁ። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች ናት። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው ብለውኛል። እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው… ያዋጣል ይላሉ?»

ወለተ ኢየሱስ ቀና ብላ አየችው። ልጁ መልሷን አይደለም የሚጠብቀው፤ መኪናዋ ገና ሳይነዳት ዓይኑ ውስጥ ትሄዳለች።

«ቀብድ ከፍለሃል?»

«ከፍያለሁ» አለ አፍሮ።

ልትነግረው የፈለገችው ብዙ ነበር። ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ዳገቱ፣ አንዱን ሲያስጠግኑ ሌላውን መተው እንዴት እንደሚያቅት። ከየት እንደምትጀምረው ግን አጣች።

«ዘይቷን ጠዋት ጠዋት እይ። ሞተሩ ሳይሞቅ» አለችው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ከውስጥ የአልጋው ብረት ተንቋቋ። አበረን በሌላ ጎኑ የምታዞርበት ሰዓት ደርሷል። ጨርቁን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ወንበሩ ላይ አኖረችና ገባች።  ምናለ ደብተሮቹን በብብቱ ሸጉጦ፣ የቀረውን የመኪናዋን ዋጋ የሚያበድረው ሰው ለመፈለግ ወደ ገበያው በኩል ወረደ።