የሐምሌ ገብርኤል ጎርፍ

ዝናሽ ግትር ናት። ይህን የሚሉት የሚጠሏት ብቻ አይደሉም፤ የሚወዷትም ይሉታል። ባሏ ደሴ ሞቶ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ስትቀር፣ ወንድሞቿ «መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተሽ እኛ ዘንድ ግቢ» ቢሏት፣ «የት ነው የምገባው? ቤቴ እዚሁ ነው!» ብላ ኩም አደረገቻቸው።

ያቺ መሬት ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ በሁለት መንደሮች ድንበር ላይ ናት። ከላይ የዝናሽ መንደር፣ የገብርኤል አጥቢያ፤ ከታች የሚካኤል አጥቢያ፤ በመካከል አንድ የድንጋይ ካብ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀለብሰው ቦይ በሁለቱም መንደር አልፎ ወንዝ ይገባል። ቦዩ አንድ ሲሆን መንደሮቹ ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

በ1990 ዓ.ም. ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ታቦት ነግሦ እንደገባ ዝናቡ ወረደ፤ ቦዩም ልክ ከዝናሽ ገብስ በላይ ተሰበረ። ዶማዋን ይዛ ሮጠች፤ ደርሳ ግን ቆመች። የሰንበቴያቸው ደንብ «በታቦቱ ቀን መሬት የቆፈረ ከሰንበቴ ይወጣል» ይላላ! ከሰንበቴ የወጣን ሰው ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል? ከካቡ ማዶ፣ የሚካኤል ሰው የሆነው ጎረቤቷ ደብሬ ወገቡን በነጠላ አስሮ ይቆፍራል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ዝጊው እንጂ!» አላት።

«ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው!»

«ለእኛስ አይደለም እንዴ?»

ዶማዋን መሬት አስቀመጠች። ሲመሽ የገብሱ እኩሌታ ከነአፈሩ ሄዷል። እንዴት አንገበገባት! አንድ ቀን አለቀሰች፤ በማግስቱ ደብሬ ቤት ሄደች።

ዝናሽ ፊደል አልቆጠረችም። ደብሬ በቄስ ትምህርት ቤት ስላለፈ የታቾቹን ደንብ ከደብተር አነበበላት፤ እሷም በቃሏ እስክትይዘው ድረስ ደጋግማ አስነበበችው፦ «ቦይ ቢሰበር፣ በዓልም ቢሆን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ዶማ ይዞ ይውጣ፤ ያልወጣ ይወቀስ።»

ከዚያ በኋላ በየሰንበቴው መነሳት ሆነ ሥራዋ። «የኛ ደንብ የቆፈረውን ያስወጣል፤ የነሱ ያልቆፈረውን ይወቅሳል። መልአኩ ያው መልአክ፣ ጎርፉም ያው ጎርፍ አይደለም ወይ?» ትላለች። ሰንበቴውን የሚመሩት ሙሴው አቶ ካሤ ሳቁባት።

«ከታቾቹ ልንማር? ያኔ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲሠሩ ድንጋዩን የተሸከምንላቸው እኛ አይደለንም?»

«ድንጋዩን ከተሸከማችሁላቸው ደንቡን ብትዋሷቸው ምን አለበት፣ አያ ካሤ?»

ሰው ሳቀ፤ ደንቡ ግን አልተነካም።

በዓመቱ በዚያው ቀን ቦዩ እንደገና ተሰበረ። የቀራት ያቺው ግማሽ መሬት ናት፤ እሷም በጎርፍ ከሄደች ልጆቿን ምን ልታበላ? በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረመችና ዶማዋን አነሳች። ብቻዋን ቆፍራ ዘጋችው፤ ገብሱም ተረፈ። በሚቀጥለው እሑድ ከሰንበቴ ወጣች። «ደንብ ነው፤ ምን ላድርግ» አሉ አቶ ካሤ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ሁለት ዓመት ጽዋ ሳትቀምስ ኖረች። ትንሿ ልጇ በወባ ስትማቅቅ ደጇን የረገጡት ቄሱ አባ ወልደ ሐዋርያትና ደብሬ ብቻ ነበሩ። አልዋሽም፣ ይቅርታ ልትጠይቅም አስባ ነበር። መሬቷን ስታይ ግን ሐሳቧን ትቀይራለች። ቦይዋንም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትጠርጋለች።

በ1993 ዓ.ም. የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ውሃው የሰበረው ሌላ ቦታ ነው፤ ከአቶ ካሤ ባቄላ በላይ። ሰው ሁሉ ነጭ እንደለበሰ ዳር ላይ ተኮለኮለ። አቶ ካሤ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ባቄላቸው ሲሄድ ያያሉ። ዝናሽ ዶማዋን ተሸክማ መጣች።

«ተይ! ዛሬ በዓል ነው፤ ደንቡን ረሳሽው?» አለ አንዱ።

«ደንቡ የሰንበቴ ሰው ነው የሚያስወጣው። እኔን ካወጣችሁኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የወጣ ሰው ስንቴ ይወጣል?» ብላ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ።

አቶ ካሤ ባቄላውን አዩ፣ እሷን አዩ። «በሉ እኔንም አውጡኝ!» ብለው ጮኹና ነጠላቸውን ወርውረው ገቡ። ከዚያማ ማን ይቆማል? ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። ሲመሽ ደንቡን ያልጣሰ አባል ቢቆጠር፣ የተረፉት አባ ወልደ ሐዋርያትና ሁለት አልጋ የያዙ አሮጊቶች ነበሩ።

እሑድ ዝናሽ ተጠራች። አቶ ካሤ ጽዋውን ሞልተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

«ጠጪ፣ ልጄ። አስቀይመንሻል።»

«መጀመሪያ ደንቡ ይጻፍ» አለች።

አባ ወልደ ሐዋርያት ደብተሩን ገለጡ። እሷ የታቾቹን ደንብ በቃሏ አለች፣ እሳቸው ጻፉ። ጽዋው ግን አሁንም ተቀምጧል።

«አሁንስ ምን ቀረ?» አሉ አቶ ካሤ።

«ደብሬን ጥሩልኝ፤ ያንብብልኝ።»

ከታች መንደር ደብሬ እስኪመጣ ጠበቁ። መጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበ፤ ቃል አልጎደለም። ያኔ ዝናሽ ጽዋውን ተቀበለች።