የብርቄ ዳግም ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ፣ ያልተፈረመ ውል በቦርሳዬ ይዤ ነው። የምሠራው መጠጥ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። አለቃዬ አምባሰል ውስጥ የሚወጣውን «የብርቄ ዳግም» የሚባል አረቄ ስሙን ገዝቼ እንድመጣ አዘዘኝ። ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ ተጥዶ የሚወጣው ነው። የሐይቅ ልጅ ስለሆንኩ «ላንተ ቀላል ነው» አለኝ። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሐይቅ፣ አርብ ጠዋት

ደሴ አድሬ ሐይቅ ስገባ ጠብሰው ያቀረቡልኝ ዓሣ ገና ከሐይቁ መውጣቱ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። አዲስ አበባ «ትኩስ» እያሉ የሚሸጡልን ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው! ከዚያ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ አቀናሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፣ የአምባሰል ተራራ ከበላይ ቆሟል። አገሬ ነውና ልኩራበት።

አምባሰል፣ ከሰዓት

አረቄውን የሚያወጡት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ጌሾ የሚያቀርቡላቸው ጎረቤታቸው አያ ይማም ናቸው፤ እሳቸው መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ውሉን ከማውጣቴ በፊት የምናስመጣውን የስዊድን ቮድካ ታሪክ አወራኋቸው። አንድ ነጋዴ ጀመረው፣ ኋላ መንግሥት ያዘው፣ በመጨረሻም የሌላ አገር ኩባንያ ገዛው። ባለቤቱ ሲለዋወጥ ስሙ ዓለምን ዞረ።

«የተቀበለው ከሰጪው ጋር ጥዶ ያውቃል?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

«ኧረ በወረቀት ነው የተላለፈው።»

አያ ይማም ሳቁ። «ወላሂ የኛው ይሻላል!»

ለካ አረቄውን መጀመሪያ ያወጣችውን ብርቄን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ስሟ በዘር አይወረስም። ተረካቢዋ በሰጪዋ ምድጃ ሰባት ጊዜ ትጥዳለች፤ ከዚያ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰጪዋ ቀምሳ ትመርቃታለች። እትዬ ዘነቡም የተረከቡት ከማትዛመዳቸው ሴት ነው።

«እና እኔ የሰው ስም እንዴት አድርጌ ልሽጥልህ?» አሉኝ ውሉን ሳወጣ። «ከፈለግኸው ጣድ።»

ቅዳሜ

የደረሰ ድፍድፍ ሰጡኝ። ወንድ አረቄ ሲያወጣ ለማየት የሰፈሩ ሴት ሁሉ መጣ፤ ያልቀለደብኝ የለም። ቶሎ እንዲወርድልኝ ብዬ እንጨት ጨመርኩ። ድፍድፉ አረረ። እትዬ ዘነቡ አንድ ጊዜ ቀመሱና መሬት ላይ ደፉት። አፈርኩ።

«አብሽር» አሉኝ አያ ይማም። «ዘነቡም የመጀመሪያውን አሳርራ አልቅሳለች።»

እትዬ ዘነቡ ሳቅ አሉ። «ለሚቀጥለው ወር ሌላ እጠነስስልሃለሁ።»

አዲስ አበባ፣ ሰኞ

ውሉን ሳይፈረም መለስኩ። አንድ ስም ባለቤት ሲቀያይር ሳይረክስ የሚኖረው እንዴት እንደሆነ የተማርኩት ከስዊድን ሳይሆን ከአምባሰል ነው፤ በዚህም ኮርቻለሁ።

«ስንት ጠየቀች?» አለኝ አለቃዬ።

«ሰባት ጊዜ መጣድ» አልኩት። «አንዱን አሳርሬያለሁ። ለሁለተኛው ፈቃድ ስጠኝ።»