በግራ ክንዱ ያለው ቱቦ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ልጥራ። አንደኛ ልጄ፤ ጭሮ ገበያ ጫት እየገዛ ለድሬዳዋ መኪና ያስጭን ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ቤት ዋለ። እናቱ አለች። ሸህ የምንላቸው ጎረቤታችን አሉ፤ በሰፈሩ ዱአ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ሲስተር አለች፤ እዚሁ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ። መጨረሻ እኔ፤ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ቧንቧውንም የተማርኩት በራሴ ነው።

ልጄን የያዘው የንፍፊት ካንሰር ነው። መድኃኒቱ የእጁን ደም ሥሮች አቃጥሎ ሲጨርስ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች በግራ ክንዱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልቡ አጠገብ አደረሱት። የቀረው ሕክምና የሚያልፈው በዚያ ብቻ ነበር።

"ቱቦ ባለበት ደም ሊረጋ ይችላል" አሉን። "ውኃ ይጠጣ፣ እጁን ያንቀሳቅስ፣ ክንዱ አይጫን። ካበጠ ቶሎ አምጡት።"

ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። የቆመ ውኃ ዝቃጭ ይጥላል፤ የተጫነ የጎማ ቱቦ አያሳልፍም። ስለዚህ ጨከንኩበት። ካልሲ ጠቅልዬ ሰጥቼው "ጨብጥ፣ ልቀቅ" እለው ነበር። ስንመለስ ቦርደዴ ላይ አውቶቡሱን አስቁሜ፣ በዚያ ሙቀት አውርጄ አስኬድኩት።

"አባባ፣ ለውትድርና ነው የሚያዘጋጁት?" አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪው ሳቀ። ልጄ ውኃውን እየጠጣ ተራመደ።

ቱቦውን በየሳምንቱ የምታጥብለት ሲስተር ነበረች። መጀመሪያ ልትነካው ፈርታ ነበር፤ አዲስ አበባ ደውላ ጠይቃ ተማረች። የማያውቁትን መጠየቅ አያዋርድም፤ የሚያዋርደው ያወቁ መምሰል ነው።

ልጄ እየደከመ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው በየሐሙሱ ዱአ ይደረግለት አለ። እኔ ጫት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ጊዜንም ሰውንም የሚበላ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ለበሽተኛ ዱአ ያለ ጫት አይቀመጡም፤ ቤቴን ከፈትኩ። ልጄ እንደ ወንዶቹ ሁሉ መከዳውን በግራው አድርጎ በክንዱ ተደገፈ። ቱቦው ያለው በዚያው ክንድ ነው።

"በቀኝህ ዙር" አልኩት።

"አባ፣ በቀኜ ከተደገፍኩ በምን ልቃም? በግራዬ?"

"አቦ ተወው" አለኝ አንዱ ጎረቤት። "ቧንቧው አይፈነዳም።"

ሸህ ፈገግ አሉ። "በግራ ወደ አፍ አይባልም። አንተው አይደለህ በአለንጋ ያስተማርከው?"

እውነታቸውን ነው። ልጅ ሳለ በግራው ዳቦ ባነሳ ቁጥር እጁን የመታሁት እኔ ነኝ።

"እንግዲያው ቀና ብለህ ተቀመጥ።"

ሞከረ። ጀርባው አልቻለም፤ ተመልሶ ተደገፈ። ጫቱን ተው እንዳልለው፣ ከሰው ለየኸኝ ይለኛል። ለእሱ ዱአ በሚያደርጉ ሰዎች ፊት ከመከዳው ልጎትተውም አልሆነልኝም። እስከ መግሪብ፣ እስከ ማታው ሶላት፣ እንደዚያው ዋለ፤ በቀጣዮቹ ሐሙሶችም እንዲሁ።

አንድ ጠዋት የሰዓቱ ማሰሪያ አልደርስ አለው።

"ወፈረ እኮ!" አለች እናቱ ደስ ብሏት። "ክንዱን እዩት።"

የወፈረው ግራው ብቻ ነበር። ሲስተር አይታ "ዛሬውኑ ሂዱ" አለች። አዲስ አበባ ስንደርስ ደሙ ከክንዱ እስከ ትከሻው ረግቷል፤ ቱቦውም አላሳልፍ ብሏል። አወጡት።

"መከዳው ነው?" ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

"ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል" አለኝ። "በሽታው ራሱ ደም ያረጋል። ሁሉን ተጠንቅቀው የሚረጋባቸው አሉ።"

በሸህ ላይ ይዤው የመጣሁት ወቀሳ እዚያው ቀረ። ደም የሚያቀጥን መርፌ እየተወጋ ሌላ ቱቦ አይገባም ተብሎ የቀረው ሕክምና ቆመ። በሽታው ግን አልቆመም፤ የአንገቱ እብጠት ተመልሶ መጣ።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ከእኔ በደሳ ከተማ አጠገብ ያለው የጫት መሬት ለሕክምናው ተሸጦ ሄደ። ከእናቱ ወርቋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ የአንድ ጠዋት ደስታዋ። ሸህ ያለ ወቀሳዬም ራሳቸውን ወቅሰው ደጃችንን መርገጥ ትተዋል። ሲስተር ሌላ ቱቦ ያለበት ሰው ሲመጣባት ሳትነካው አዲስ አበባ ትልከዋለች። ከልጄ የሄደው የቀረው ሕክምና ነው። አሁን የሚሰጡት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው፤ በአፍ የሚወሰድ። በቀኝ እጁ ይወስደዋል።