የአባዬ ቆርቆሮ ዛፍ

የሰፈሩ ሰው ለገና የጥድ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ሲገባ፣ እኛ ቤት ግን ከአልጋ ሥር ካርቶን ይሳብ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ፣ አባዬ በወጣትነቱ ሾፌር ሆኖ ያገለገላቸው ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ የተዉለት ዛፍ አለ። ግንዱ እንጨት፣ ቅርንጫፉ ሽቦ፣ ቅጠሉ እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ የሳሳ አሉሚኒየም ነው። ከዊንጌት ሽቅብ ባለው ሰፈራችን እንዲህ ያለ ዛፍ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበረ መቀለጃ ሆነን ኖርን። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን በየዓመቱ ብቅ ይሉና "ጣሪያ ስታለብስ የተረፈህን ቆርቆሮ ነው እንዴ ያቆምከው?" ይሉታል። አባዬም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይስቃል።

ብረት ስለሆነ የመብራት ገመድ አይጠመጠምበትም፣ ይነዝራል። በምትኩ ወለል ላይ የምትቀመጥ አምፖል አለችው፤ ፊት ለፊቷ ባለ አራት ቀለም ክብ ፕላስቲክ እየዞረ ዛፉን አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ያደርገዋል። ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል። ለእኔ የገና ድምፅ እሱ ነው።

ዛፉን ማቆም ለሁላችንም የተፈቀደ ነው፤ መፍታት ግን የአባዬ ብቻ። ጥምቀት ሲያልፍ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና እያንዳንዱን ቅርንጫፍ አብሮት ወደመጣው የወረቀት ሰገባ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። "ቅጠሉ አንዴ ከተጨማደደ በቃ፣ አይቃናም" ይለን ነበር። ፈረንጆቹ እንኳ ጥቂት ዓመት ወደውት ፋሽኑ አለፈ ብለው የጣሉት ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ እንደገና የሚያሳድዱት የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች እንዳሉ ስልኬ ላይ አይቻለሁ፤ ከነሰገባው ሲያገኙት ይፈነጥዛሉ። አባዬ ይህን ሳይሰማ ሞተ።

አምና በገና ማግስት ታመመ። ሆስፒታል ልወስደው ስንወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ዛፉን አየና "እስክመለስ እንዳትነኩት" አለን። ጥምቀት አለፈ፣ ጾም ገባ፤ እማዬ ዛፉን አልነካችውም። ለጠየቃት ሁሉ "ባለቤቱ ሲመጣ ይፈታዋል" ትላለች።

አልመጣም።

መርዶው እንደ ወጉ በማለዳ ለእማዬ ተነገራት። እኛ ተቃቅፈን ስናለቅስ ጎረቤቶች ሳሎኑን ለለቀስተኛ ያመቻቻሉ፤ ሶፋው ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፈነ። ለቅሶ ቤት የሚያብረቀርቅ ነገር አይቆምምና ዛፉንም ነቃቅለው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቁት። ማንን ልቀየም? ያን ቀን ውሃ እንኳ ያጠጡን እነሱ ናቸው።

ድንኳኑ በፈረሰ ቀን እማዬን መኝታ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከረጢቱን ዘርግፋዋለች። ሰገባዎቹ አባዬ እንዳስቀመጣቸው ካርቶኑ ውስጥ ናቸው፤ አንዱም አልተቀደደ። የተጨማደደውን ቅጠል በአውራ ጣቷ ታሻለች፣ ቅርንጫፉን ወደ ሰገባው ልታስገባ ትሞክራለች፣ አይገባም። ሌላ ታነሳለች።

"እማዬ፣ በቃ ተይው። አይቃናም" አልኳት።

ቀና ሳትል "እንዳትነኩት ብሎን አልነበር እንዴ፣ ልጄ?" አለች። "አሁን ሲመጣ ምን ልለው ነው?"

አጠገቧ ቁጭ አልኩና አንድ ቅርንጫፍ አንስቼ ማሸት ጀመርኩ።