ከእኔ በፊት የሰማው እግር

ባለፈው ወር ቢቸና ውስጥ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ላይ ዳስ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ደስታው የበዛበት አንድ ሰው ውጭ ተኮሰ። ድምፁ ጆሮዬ ሳይደርስ ግራ እግሬ ተፈናጥሮ ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠጅ ከነብርሌው ወደ ዳሱ ጣራ ላከው።

«ይቅርታ አባባ፣ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው» አልኳቸው ወደ እግሬ እየጠቆምኩ። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሞጣ ነው፤ እሱም በሠርግ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለጓደኛዬ አንደኛ ሚዜ ሆኜ ነበር። ሙሽራዋን ይዘን ስንገባ የሙሽራው አጎት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሁለት ጊዜ ሰማዩን አልሳተም። ከዚያ ጠመንጃውን ሲያወርድ ባረቀበት። ሕመም የሚባል አልተሰማኝም። ተጋድሜ ሳይ ግን ሁለት እግሮች አዲሱን ጫማዬን ተጫምተው ተዘርግተዋል።

«ይሄ ጫማዬን የወሰደው ሰውዬ ማነው?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። በዕድሜዬ ተናግሬ ሰው ሳይስቅልኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለነገሩ ቀልድም አልነበረም።

ሐኪሙ ጥይቱ አከርካሪዬን ታክኮ መቀመጡን፣ ከመተዉ ማውጣቱ የበለጠ እንደሚጎዳ ነገረን። ነርቩ ተበጥሶ ይሁን ደንግጦ ጊዜ ይለየዋል አለ። ከሳምንታት በኋላ በጭነት መኪና ፍራሽ ላይ አስተኝተው ወደ ቢቸና መለሱኝ። የዚያን ጊዜው መንገድ ጉድጓድ ነበር፤ በጉድጓዶቹ መካከል አልፎ አልፎ መንገድ ይገኝ ነበር። አጃቢዎቼ ሁሉ ሲያቃስቱ ከወገቤ በታች የተመቸው እኔን ብቻ ነው።

የተቀበሉኝ ያሳደጉኝ አጎቴ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ሲስተር አጥብቃ ነገረቻቸው።

«መሪጌታ፣ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። ጥይት የማረውን ሰው አልጋ ይገድለዋል። የእጅ ሰዓት ላምጣልዎ?»

«ሰዓት ይቆማል ልጄ። ፀሐይ ግን የቆመችው ለኢያሱ፣ እሱም አንድ ቀን ነው።»

እንዳሉትም አደረጉ። ግቢው መሃል ይቆማሉ፣ የጥላቸውን ጫፍ በጠጠር ያመለክታሉ፣ ከዚያ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ ስንት ጫማ እንደሆነ ይለካሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ገብተው እንደ ዳቦ ይገለብጡኛል።

በሁለተኛው ወር እግሮቼ በራሳቸው መራገጥ ጀመሩ። ጎረቤት እልል አለ።

«እልልታውን አቆዩት» አለች ሲስተር። «ጅማቱ ነው የሚኮማተረው። እሱ አላዘዘውም።»

«ታዲያ ማን አዘዘው?» አሉ አንዲት ጎረቤት።

ሲስተር የመለሰችው አልገባቸውም። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በግርጌዬ በኩል አልተቀመጡም። ለጠያቂ ሁሉ «ሁለት ድመት አስገብቼ ነው» እያልኩ አስቅ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን አፍጥጬ አያለሁ። ከሥሩ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ እንደ መንገደኛ ይረግጣሉ። እኔን ትተው ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ደመናው ጣራችን ላይ ተኛ። በተከፈተው በር አጎቴ ይታዩኛል፤ ዝናብ ከጋቢያቸው እየተንጠባጠበ፣ አቀርቅረው ጥላቸውን ይፈልጋሉ። ጥላ የለም። ጥላ የሌለው ሰው ሲቆም የተተከለ እንጨት ይመስላል።

«ገና ነው» ይሉኛል ገብተው። ደግሞ ይወጣሉ። እኔም ወሬዬን እያወራሁ ከጠዋት ጀምሮ በጀርባዬ ዋልኩ። ድንገት እግሮቼ መራገጣቸውን ተዉ። የሚያደምጡ ይመስል ጸጥ አሉ። በዚያ ጸጥታ መሃል የሆነ ነገር ነከሰኝ።

«አጎቴ፣ አልጋው ውስጥ እሳት አለ።»

«የቱ ጋ?»

«ቀኝ ተረከዜ ላይ።»

ጋቢውን ገለጡ። ተረከዜ ተልጦ ቀልቷል። «በገዛ እጄ ገደልኩህ» ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አንሙት፣ አላየኸውም እኮ። እንዴት አወቅህ?»

ፊቴን በጋቢ ሸፈኑት። በቀዘቀዘ ጣታቸው ይነኩኝ ጀመር።

«አሁንስ?»

«ቀኝ አውራ ጣቴ።»

«አሁንስ?»

«ቀኝ ቁርጭምጭሚት።»

«አሁንስ? አንሙት፣ አሁንስ?»

ጋቢው ሥር ሆኜ ጠበቅኩ። ምንም አልነበረም። ግራውን ነክተው ነበር።

የተረከዜ ቁስል እስከ መስቀል ፈጀ። ግቢው ውስጥ በተተከለ የባሕር ዛፍ አግዳሚ እየተደገፍኩ መራመድ ስማር ደግሞ ዓመት አለፈ። ቀኙ ተመለሰልኝ። ግራው ተከትሎን መጣ፤ ይሸከመኛል፣ ሲፈልግ ይራገጣል፣ ብቆነጥጠው ግን መልስ የለውም።

ባለፈው ወር፣ ጠጁን ያስደፋኝ ዕለት፣ ከቢቸናው ሠርግ ዳስ በምርኩዜ ወጣሁ። ፀሐይ ነበረች። አጎቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔም ያለ ልማዴ የጥላዬን ጫፍ በጠጠር አመልክቼ እንደሳቸው ለካሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ስልኬን አውጥቼ ሳይ በጥላዬ ያገኘሁት ሰዓት ልክ ነው። ቀኝ ቀኙን የለካሁት እኔ ነኝ። ግራ ግራውን ማን እንደለካው እስካሁን አላውቅም።