ያለ መሬት ሽቦ

የትነበርሽ ቁርጥማት ለጸናባት እናቷ የውሃ ማሞቂያ እንዲገጥሙላት ወደ አዘዞ ያስመጣቻቸው ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቆጣሪውን ካጠፉ በኋላም አላመኑም፤ ሽቦውን ሦስት ጊዜ በቴስተር ነካኩት። የመሬት ሽቦ እንደሌለ ሲያዩ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«ምነው አያ? ያለሱ የሚገጥም ሞልቷል እኮ!»

«ሞልቷል። ግን ማሞቂያው የተበላሸ ቀን ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርደው በሰው ገላ ነው።»

አከራይዋ ደግሞ ለሽቦ ብላችሁ ግድግዳዬን አትቆፍሩም ብለዋል። የትነበርሽ ሽማግሌውን ለመነቻቸው።

«አንዴ ተለምኜ ገጥሜያለሁ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፤ «ለገዛ ልጄ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ አከራይዋ በስልክ ሌላ ሠራተኛ ሲጠሩ ሰሙ። መለስ አሉ።

«እንግዲህ እናትሽ ሲታጠቡ ከቆጣሪው አጥፊው። በእመቤቴ ማይልኝ።»

ማለችላቸው። እሳቸው ግን መሐላውንም አላመኑም፤ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።