ከቡሬ የሚጠፋው የፍኖተ ሰላም ማራገቢያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት አቆምኩ። አለቃዬ ደምሴ ሻይ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ የአምፖል መያዣ ሊቀይር ነበርና «ሂድ፣ ከቆጣሪው አጥፋልኝ» አለኝ። ውጪ ሁለት ቆጣሪ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። እኔ ደስ ያለኝን አጠፋሁ። ጎን ያለው ወፍጮ እያቃሰተ ቆመ፤ እህላቸው እኩሌታው ተፈጭቶ እኩሌታው የቀረባቸው ሴቶች ወጥተው ከበቡኝ። ደምሴ ከመሰላሉ ላይ «ጎሽ፣ ወፍጮውን አጥፍተኸዋል፤ እኔን ግን አሁንም እየነዘረኝ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆጣሪ አጠገብ አላስደረሰኝም። ረዳት ማለት ግድግዳ ፈልፋይ፣ መሰላል ያዥ፣ ካቻቢትና ፒንሳ አቀባይ ነው። ቀጥሎ ገመድ ጎታች ሆንኩ፤ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ቱቦ ማሳለፍ ማለት ነው። ዋና ሠራተኛ የሆንኩት ደምሴ ወገቡን አሞት መሰላል መውጣት ስላቃተው እንጂ እኔ ስለበሰልኩ አልነበረም።

አሁን ፍኖተ ሰላም የራሴን ሥራ እሠራለሁ፤ ሰው «ውበቱ መብራት» ይለኛል። ለእኔ ማብሪያ ማለት ሁለት ሽቦ ነበር፦ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ከዚያ በስልክ የሚታዘዘው ማብሪያ መጣ። ወጣቶቹ ስማርት ይሉታል። ስለሱ ሲጠይቁኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እሱማ እንደ ቤቱ ነው» እላለሁ። ለማላውቀው ነገር ሁሉ መልሴ ይኸው ነው፤ ቤቱ እንዴት ሲሆን ምን እንደሚሆን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

አንድ የመጋቢት ቀን ስመኝ ደወለችልኝ። ቡሬ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አባቷ ጋሽ አበጀ ደግሞ እዚሁ እኛ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም።

«ጋሽ ውበቱ፣ አባባ በሙቀት ሊያልቁ ነው» አለችኝ። «የኮርኒሱ ማራገቢያ ማብሪያው በሩ ጋ ነው። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በተጠሩ ቁጥር መነሳት ከበዳቸው። አባባም ማስቸገር አይወዱም፤ ዝም ብለው ያልባቸዋል። ያንን ስማርት የሚሉትን ይግጠሙልን።»

«እሱማ እንደ ቤቱ ነው» አልኳት።

ያላወራችኝ ሌላም ነገር ነበር። እናቷ እትዬ የሽወርቅ ንፋስን አምርረው ይፈራሉ። አገሩ ሁሉ እንዲያው ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ምን እንደሚወርድበት የምታውቁት ነው። እትዬ የሽወርቅ ማራገቢያውን ሲያበሩ እንኳ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ያጠፉታል።

ባሕር ዳር ሄጄ ማብሪያ መረጥኩ። የሱቁ ልጅ «ለመብራት ነው ለሞተር?» አለኝ። አለማወቄ እንዳይታወቅ «ለሁሉም» አልኩት። መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሰጠኝ። የድሮውን የማራገቢያ ፍጥነት መቀነሻ ስለሚመስል ወደድኩት።

ለካ የአምፖል ብርሃን መቀነሻ ነው። ገጥሜ ሳበራው ማራገቢያው መዞሩን ትቶ ማጉረምረም ጀመረ። የአምፖል መቀነሻ ኃይሉን እየቆራረጠ ነው የሚሰጠው፤ አምፖል ይችለዋል፣ ሞተር ግን ይግላል። እኔም ይህን ያወቅኩት የመቃጠል ሽታ ሲመጣ ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ ጋሽ አበጀ ቀና ብለው እያዩት።

«እየተለማመደ ነው» አልኳቸው፣ ሮጬ እያጠፋሁ።

ሁለተኛውን ስገዛ እልሄን ዋጥ አድርጌ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሱቁን ልጅ አስነበብኩት። ለማራገቢያ ሞተር የተሠራ፣ በዋይፋይ የሚታዘዝ ነው። ቤት ስደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ይህ ማብሪያ ራሱም መብራት ስለሚበላ ኒውትራል የሚባለውን መመለሻ ሽቦ ይፈልጋል፤ የግድግዳው ሳጥን ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ኒውትራሉ ኮርኒስ ላይ ነው የቀረው። ቱቦውም በሲሚንቶ ተደፍኗል። እትዬ የሽወርቅ በር ላይ ቆመው ግድግዳቸው ሲፈለፈል እያዩ «በእጅ ማብራቱ ምን ነበረበት?» ይሉ ነበር። እኔም በልቤ እንደዚያው እል ነበር።

ሽቦው አለፈ፣ ማራገቢያው ዞረ። ቀጥሎ ማን ይዘዘው የሚለው መጣ። ጋሽ አበጀ ያላቸው የቁልፍ ስልክ ነው፤ እትዬ የሽወርቅ ስልክ አይነኩም። ስለዚህ መተግበሪያውን ስመኝ ስልክ ላይ ጫንኩት። ሙቀት ሲሰማቸው ይደውሉላታል፣ እሷ ቡሬ ሆና ታበራላቸዋለች። ዋይፋዩን የሚለቅ ትንሽ ራውተር አምጥታ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች። እኔም በዚህ ብልሃቴ ተኩራርቼ ወሬውን ሰፈር ለሰፈር አዳረስኩት። «ቡሬ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ይዞራል» እያልኩ ለወጣት ኤሌክትሪሺያኖች ሳይቀር አስተምር ነበር።

ጥቂት ቀናት ቆይቼ ምስጋና ልቀበል ሄድኩ። ማራገቢያው ቆሟል። ጋሽ አበጀ ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል፤ ትራሱም ርሷል።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ ደኅና ነው፤ ጌታ ይስጥኽ» አሉኝ። «ደወልኩላት፣ አበራችልኝ። ወዲያው ደግሞ ደወለችና ‹አባባ፣ እዚህ እኮ ብርዱ አይቻልም፤ እንዳይመታዎ ላጥፋው› አለችኝ። አጠፋችው።»

ቡሬ ከእኛ ከተማ ይቀዘቅዛል። እሷ ጋቢ ለብሳ የእሳቸውን ሙቀት ትለካለች። እትዬ የሽወርቅም ለካ ጎረቤት እያስደወሉ «ልጄ፣ በዛባቸው፤ አጥፊው» ይሏት ኖሯል።

ጋሽ አበጀ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ላባቸውን ጠረጉ። «አየኽ ውበቱ፣ ዱሮ የምለምነው አንድ ሰው ነበር። አንተ መጣኽና ሁለት አደረግኽልኝ። አንዷ ደግሞ ቡሬ ናት።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ያን ሁሉ ሕዝብ አሳፍረው መሪ የያዙ ናቸው፤ አሁን አናታቸው ላይ ያለውን ንፋስ እንኳ ማዘዝ አልቻሉም። የእኔ ብልሃት ደግሞ ያንኑ ይባስ አርቆባቸዋል። በጣም አፈርኩ።

«እርስዎ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ይህን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

«በዚችው በቀኝ እጄ የምይዘው» አሉ። «መስታወቱን ዳበስ ዳበስ የሚሉት አይሁን፤ ዓይኔ አያየውም። ስጫነው ቀጭ የሚል፣ ማርሹም የሚታወቅ።»

ያሉትን ዓይነት አገኘሁ። በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ለማራገቢያ ሞተር የተሠራ ነው፤ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሪሞት አለው። ኔትወርክ አይፈልግም። መብራት ሄዶ ሲመጣም በነበረበት ማርሽ ይቀጥላል። ያ ከሲሚንቶ ጋር የተሟገትኩለት ሽቦ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ሪሞቱን በገመድ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩት፤ እንዳይወድቅ ብያለሁ፣ እውነቱ ግን እትዬ የሽወርቅ እንዳይወስዱት ነው።

ጋሽ አበጀ አንደኛን ተጫኑ። ሁለተኛን ተጫኑ። ሦስተኛ ላይ ሲያደርሱት መጋረጃው በንፋሱ ተነሣ፤ እትዬ የሽወርቅም እያነከሱ ገቡ።

«ኧረ ንፋስ ይመታዎታል! ኧረ ያጥፉት!»

«ይምታኝ» አሉ ጋሽ አበጀ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሚስታቸው ወደ በሩ ሄደው የድሮው ማብሪያ የነበረበትን ግድግዳ ዳበሱ። እዚያ ያለው ክዳን ብቻ ነው። ተናደው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬ ውስጥ ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማራገቢያው እየደከመ እየደከመ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አልኩ ደንግጬ።

«በረደኝ» አሉ ጋሽ አበጀ።

እትዬ የሽወርቅ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አላልኩም? አላልኩም ወይ?»

«ብለሻል» አሉ ሽማግሌው። ሪሞቱን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ጫኑበት። «ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ለመኝታ ቤት ማራገቢያ ስማርት ማብሪያ ስትመርጡ ለሞተር የተሠራ መሆኑን አንብቡ። ግድግዳው ውስጥ ኒውትራል መኖሩን ሳታዩ አትግዙ። ኔትወርክ ሲጠፋና መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን አልጋው ላይ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ።